እጅ የሌለው ትምህርት

ጎንደር፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ልዑልቃል፣

ወርኃ ጽጌ ነውና እመቤታችን በሰው አገር ጥላ ትሁንዎ፤ ብርዱንም ታቅልልዎ። አባባ ደህና ናቸው። ማኅሌት ቆመው ስለሚያድሩ ድምፃቸው ተዘግቷል እንጂ ሌላ የሚያማቸው የለም። በስልክ «ሃሎ፣ ሃሎ» ስንባባል መዋላችን ሰልችቷቸው «በወረቀት ጻፊለት፤ ከዚያ ፎቶ አንሽና ኔትወርክ ያገኘሽ ቀን ላኪው» ስላሉኝ ነው እንዲህ የምጽፍልዎ።

ስለ ኮርሱ ነው። እኛ የአምስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪዎች ዘንድሮ የወሊድ ድንገተኛ ሕክምናን የምንማረው እርስዎ ከበርገን ሆነው በቀረጹት ቪዲዮ እንደሆነ ያውቃሉ። ሲጀመር ሁላችንም ወደነው ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ ቪዲዮውን በየቤታችን እናያለን። የገባንንም ያልገባንንም ይዘን ሐሙስ በእጃችን ወደምንለማመድበት ክፍል፣ ወደ ስኪል ላብ፣ እንገባለን። እዚያ ሲስተር ይመኙሽ ከአሻንጉሊቷ አጠገብ ቆመው ይጠብቁናል። አሻንጉሊቷ የላስቲክ ሴት ናት፤ ትወልዳለች፤ ውሃ ቀይ ቀለም ተበጥብጦ ስለሚሞላባት ትደማለች። ሲስተር ይመኙሽ ብዙ ዘመን ያዋለዱ ሴት ናቸው። ቪዲዮው ላይ ያሉትን እሳቸው አይደግሙትም። «ዶክተሩ ነግሯችኋል፤ አሁን አሳዩኝ» ይላሉ።

የቄስ ወልደኢየሱስን ልጅ መዝሙርን ያውቁት ይሆናል። ከክፍላችን አንደኛ የሚወጣው እሱ ነው። መጀመሪያ ሐሙስ ላይ በወሊድ ጊዜ የሕፃኑ ትከሻ ሲያዝ የሚደረገውን ከሀ እስከ ፐ በቃሉ ወጣው። ሲስተር ጨርሰው ሰሙትና «አፍህ ደርሷል፤ እጅህ ግን ገና መንገድ ላይ ነው» አሉት። ሳቅንበት። እኛም ተራችን ሲደርስ ከእሱ አልተሻልንም።

ታዲያ ይህ ሸጋ ነገር አልቆየም። ሰኞ ዕለት ማስታወቂያ ተለጠፈ። «ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ኮርሱ ሙሉ በሙሉ በኦንላይን ይሰጣል። አዘጋጅ፦ ዶክተር ልዑልቃል» ይላል። ስኪል ላቡ ተቆለፈ። የሲስተር ይመኙሽ ኮንትራት አይታደስም ተባለ። ዕቃቸውን በፌስታል ይዘው ሲወጡ አየኋቸው። የሚቀጥለው ሐሙስ ትምህርት ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደምን ማቆም ነበር።

የግል ኮሌጅ የፈለገውን ያደርግ ይሆናል። ነገር ግን ማስታወቂያው ላይ ያለው የእርስዎ ስም ነው። ትምህርቱን ሁለት ክፍል አድርገው ያዋቀሩት እርስዎ ነበሩ፤ መጀመሪያው ቪዲዮ ላይ «ይህ ግማሹ ነው፤ ሌላው ግማሽ ክፍል ውስጥ ይጠብቃችኋል» ብለውናል። ግማሹን ማን እንደወሰደው ያውቃሉ? ካላወቁ ይወቁ፤ ከቻሉም ለዲኑ ለዶክተር ጌትነት ይደውሉላቸው። አብሮ አደግዎ ናቸውና ይሰሙዎታል።

የወንድምዎ ልጅ
ጸሎት ኪዳነ ማርያም

*

በርገን፣ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለጸሎት፣

ጥበብን የሚሰጥ አምላክ ጥበቡን ከትዕግሥት ጋር ይስጥሽ። አያ ኪዳነ ማርያም ማር በሎሚ ይጠጡ፤ አንገታቸውንም ከብርድ ይሸፍኑ። ምክሬን እንደማይሰሙ አውቃለሁ፤ አንቺ ግን ንገሪያቸው።

ደብዳቤሽን አነበብኩት። ተማሪ ስለ ትምህርቱ መቆርቆሩ ደስ የሚል ነገር ነው። ዳሩ ግን ከኮሌጁ ግቢ ሆነሽ የማይታይሽ ብዙ ነገር አለ። መንገዱ በሚዘጋበት፣ መምህር ከሌላ ከተማ መምጣት በማይችልበት ጊዜ ትምህርት እንዳይቋረጥ ማድረግ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። ጌትነት ጊዜያዊ ነው ብሎኛል። እዚህም ቢሆን ተማሪዎቼ ብዙውን ነገር በቪዲዮ ነው የሚከታተሉት፤ ጨርሶ ከመቅረት ይሻላል። የምታይውን ቪዲዮ ደጋግመሽ እዪው። ያልገባሽን ጻፊልኝ፤ እመልስልሻለሁ።

ለመለማመጃ የሚሆን የዳሌ አጥንት ሞዴል ለገና ወደ ጎንደር በምትመጣ ሴት እልክልሻለሁ። ከጓደኞችሽ ጋር ተጠቀሙበት።

አንድ ነገር ደግሞ ላስቸግርሽ። በሚያዝያ አንድ ጉባኤ ላይ ስለዚህ ኮርስ ጥናት አቀርባለሁ። አስተማሪ በሌለበት አገር ትምህርት በኢንተርኔት እንዴት እንደሚደርስ ለማሳየት ነው። ተማሪዎቹ ስለ ቪዲዮዎቹ የተሰማቸውን በጥቂቱ ጽፈው ቢልኩልኝ ይጠቅመኛል። አንቺ ብትሰበስቢልኝ ጥሩ ነበር። ሲጽፉ የኮሌጁን የውስጥ ጉዳይ ባያነሡ ይመረጣል፤ የኔ ስም ሲነሣ የቤታችንም ስም አብሮ እንደሚነሣ አትርሺ።

አጎትሽ
ልዑልቃል

*

አምባ ጊዮርጊስ፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ልዑልቃል፣

እግዚአብሔር ሰላሙን ያብዛልዎ፤ እኔ ዘንድ የተረፈ ስለሌለ ከእሱ ነው የምለምንልዎ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ኔትወርክ ጠፍቶ ከርሞ በገና ሰሞን ነው። ለጉባኤዎ የጠየቁኝን አስተያየት አልሰበሰብኩም። የሚከተለውን ከፈለጉ ያንብቡላቸው።

እኔና መዝሙር ለሥራ ልምምድ የተመደብነው ከአምባ ጊዮርጊስ ገባ ብላ ባለች ጤና ጣቢያ ነው። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ጠዋት ወለላ የምትባል ሴት በቃሬዛ መጣች። የተሸከሟት ባሏ ውዱና ጎረቤቶቹ ናቸው። ቢያዝን የሚባል አዋላጅ አለ፤ እሱ ተቀበላትና ብዙም ሳይቆይ ሴት ልጅ ተገላገለች። የእንግዴ ልጁም ወጣ። ወለላ ልጇን ታቅፋ «አባቷን ትመስላለች፤ ምነው እኔን ብትመስል» ብላ ሳቀች። ወዲያው በሚቀጥለው ክፍል ምጥ የያዛት ሌላ ሴት ጮኸች። ቢያዝን «ማህፀኗን እየዳሰሳችሁ ጠብቁ፤ ደም ካያችሁ ጥሩኝ» ብሎን ሄደ።

ደሙ መጣ። ጠራነው። ቢያዝን የያዘው ሕፃን ጭንቅላቱ ወጥቶ ነበርና ትቶት ሊመጣ አልቻለም። «እሹት፤ መርፌውን ስጡ፤ መጣሁ» እያለ ከወዲያ ይጣራል።

መዝሙር ከአልጋው ግርጌ ቆሞ ቅደም ተከተሉን መውጣት ጀመረ። «አንደኛ፣ እርዳታ ጥራ። ሁለተኛ፣ ማህፀኑን እሽ።» የሚናገረው በእርስዎ ድምፅ ነበር፤ እርስዎ ቆም በሚሉበት ቦታ ሁሉ ቆም ይላል። አንድም ቃል አልሳተም። እጁ ግን ከጎኑ አልተነሣም። እኔ እጄን ሆዷ ላይ አደረግሁ። ምን ያህል እንደሚጫን አላውቅም። ሲያማት ፊቷን አየሁና ሳሳሁላት፤ እጄን አላላሁት። ከእጄ ሥር ያለው ነገር እንደ ሊጥ ነበር። መርፌውን እንኳ የሰጠሁት ብልቃጡን ሁለት ጊዜ ከጣልኩ በኋላ ነው።

ቢያዝን ሲገባ በትከሻው ገፍቶኝ በጡጫው ተጫናት። እኔ የነካሁትና እሱ የነካው አንድ አካል አይመስልም። እየተጫነ «ማን ነው ያስተማራችሁ?» አለን።

ደሙ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ማኪና ተገኘና ወደ ጎንደር ይዘናት ሄድን። ጎንደር ልንገባ ስንል፣ ወለቃ ላይ፣ ትንፋሿ ቆመ። መንገድ ዳር የሸክላ ሻጮቹ ዕቃቸውን እየደረደሩ ነበር። ውዱ ከእግሯ በኩል ተቀምጦ «ዶክተሯ፣ ምነው ዝም አለች፤ እንቅልፍ ነው?» አለኝ። ዶክተሯ ያለው እኔን ነው።

ከመጀመሪያው በደንብ ብጫናት ትተርፍ እንደነበር አላውቅም። ቢያዝንም አይታወቅም ይለኛል። ይህን ሳላውቅ እስክሞት እኖራለሁ። ቪዲዮዎን ግን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ያዘዙኝን አድርጌአለሁ።

የላኩት የዳሌ አጥንት ደርሶኛል። አጥንት አይደማም።

ካሁን በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ስኪል ላቡ ሊዘጋ እንደሆነ አስቀድመው ያውቁ ነበር?

ጸሎት

*

በርገን፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጸሎት፣

የሟቿን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን፤ ልጇንም ያሳድጋት።

የዘገየሁት ተቆጥቼ ስለነበር ነው። አሁንም አልበረደልኝም። የጻፍሽልኝ ደብዳቤ ሳይሆን ክስ ነው። እኔ በወጣትነቴ ደባርቅ ስሠራ መብራት በሌለበት፣ ደም በማይገኝበት፣ እናቶች በእጄ ላይ ሞተውብኛል። አልቅሼ ቀብር ሄጃለሁ። ያስተማሩኝን ሰዎች ግን አንድ ቀን «እናንተ ናችሁ» ብዬ አልጻፍኩላቸውም። ደም ሲፈስ ሰው ይደነግጣል። ስኪል ላብ ውስጥ ዓመት የከረመም ይደነግጣል። አንቺ ያላየሽውን እኔ አይቻለሁ።

እዚህ አገር ከሥራዬ ተርፎኝ አይደለም ያን ሁሉ ቪዲዮ የቀረጽኩት። ልጆቼ ሲጫወቱ በር ዘግቼባቸው ነው። ማንም አላስገደደኝም፤ ማንም አላመሰገነኝም። አሁን ደግሞ የሰው ሕይወት በኔ ስም ተጻፈ።

ደስ ይበልሽ እንግዲህ። ትናንት ቪዲዮዎቹን ሁሉ ማንም እንዳያያቸው ከኢንተርኔት ላይ አወረድኳቸው። ለጌትነትም ስሜን ከኮርሱ ላይ አንሣ ብዬዋለሁ። የጉባኤውንም ንግግር ትቼዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ እዚያ ስሜም ድምፄም የለም።

ለአያ ኪዳነ ማርያም ሁዳዴውን በሰላም ያስፈጽምልን በይልኝ።

ልዑልቃል

*

ጎንደር፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ልዑልቃል፣

አባባ «ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ ደጃፍ የሌለው ቤት ነው» ይላሉ። ለእሳቸው ስል ደጃፉን ሠርቼልዎታለሁ፦ እንደምን ሰነበቱ።

ማን አውርዱት አለዎት? ሌላውን ግማሽ ይመልሱልን አልኩዎት እንጂ የቀረውንም ይውሰዱት አላልኩም። ፈተናችን ከፋሲካ በኋላ ነው። አሁን ቪዲዮም የለም፤ ስኪል ላብም የለም፤ መምህርም የለም። ተማሪው የሚረግመው እርስዎን መስሎዎት ከሆነ ተሳስተዋል። እኔን ነው። መዝሙር «ባትጽፊለት ኖሮ ቢያንስ የምናየው ነበረን» ብሎ ለቀናት አላናገረኝም።

እርስዎም አባባም ቅኔ የተማራችሁት ከአንድ ወንበር ሥር ነው። ተማሪው ቆጠራ ይወጣል፤ ብቻውን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲያወጣና ሲያወርድ ይውላል። ማታ ግን ነገራ አለ። መምህሩ ፊት ቆሞ ያበጀውን ይናገራል፤ ስሕተቱን እዚያው ይቀጣበታል፤ ያቃናበታል። ቪዲዮው ለእኛ ቆጠራችን ነበር። ሐሙስ ነገራችን ነበር። ያለ ነገራ የሚያስመርቅ የቅኔ ቤት ያውቃሉ? ይህን ለአባባ ባነበብኩላቸው ጊዜ ዳዊታቸውን ዘጉና «ልዑልቃል ይህን አጥቶት አይደለም፤ ጻፊው» አሉኝ።

ባለፈው ቅዳሜ አዘዞ ሲስተር ይመኙሽ ቤት ሄድን። መዝሙርም ሳያናግረኝ መጣ። በረንዳቸው ላይ ምስር እየለቀሙ ነበር። ዓይናቸውን ከሰፌዱ ሳያነሡ «ምን ልሁንላችሁ?» አሉን።

«ያስተምሩን» አልኳቸው። «ቤትዎ እንመጣለን፤ ለማንም አንናገርም።»

«እኔ ስወጣ ከመካከላችሁ አንድ ሰው ‹ወዴት ነው› ብሎኛል?» አሉ። «ከመስኮት ሆናችሁ ስታዩኝ ነበር። ዛሬ ሰው ሲሞትባችሁ ትዝ አልኳችሁ።»

የወለላን ነገር መዝሙር ነገራቸው። ሲነግራቸው ምስሩን መልቀም አቆሙ። ከዚያ ተነሥተው ሰፌዱን መስኮቱ ላይ አስቀመጡና «በጓዳዬ አላስተምርም» አሉ። «ትራስ ጠቅልዬ ይህ ማህፀን ነው አልላችሁም። ክፍሉ አለ፤ ዕቃው አለ፤ ቁልፍ ነው የተደረገበት። አስከፍቱትና ጥሩኝ። ደብቃችሁ ከሆነ የምትማሩት ነገም ዝም ብላችሁ ነው የምትኖሩት።»

ሰኞ ዶክተር ጌትነት ቢሮ ገባን። ወንበር እንኳ ሳይሰጡን «ተማሪ ስለ መርሐ ግብር አይወስንም» አሉ።

«የሞተችው ሴት በመርሐ ግብር አይደለም የሞተችው» አላቸው መዝሙር። እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ዶክተር ጌትነት ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «አንቺ ደግሞ እኔን የምትወቅሽኝ ምን ቆርጦሽ ነው? ብቻዬን አልወሰንኩትም። አምና ክረምት ለአጎትሽ ደውዬ ክፍሉንና መምህሯን ልንቀንስ ነው ስለው ‹ቪዲዮው ብቻውን ይበቃል፤ እንዲያውም ለጥናቴ ይመቸኛል› ያለኝ እሱ ነው። ጠይቂው።»

እንግዲህ ጠይቄዎታለሁ። በጥርም ጠይቄዎታለሁ። በጥቅምትም ጠይቄዎታለሁ። ቪዲዮ አወረድኩ ብለው ጻፉልኝ እንጂ አላውቅም ነበር ብለው አልጻፉልኝም። ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

ይህን የምጽፈው ስኪል ላቡ በር ላይ ተቀምጬ ነው። ክፍላችን ሁሉ እዚህ ነው ያለው። በሩ ካልተከፈተ ፈተናውን አንፈተንም ብለናል። ዘበኛው ተነሡ ሲለን እንነሣለን፤ ሲሄድ መልሰን እንቀመጣለን። አባባ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መጥተው አዩንና ባርከውን አለፉ።

ጸሎት

*

በርገን፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጸሎት፣

ሰሙነ ሕማማት ነው፤ ሰላምታ መለዋወጥ አይፈቀድምና ወደ ጉዳዩ።

ጌትነት የነገረሽ እውነት ነው። ኮርሱን ጨርሶ ሊያስቀረው ነበር፤ ቪዲዮው ብቻውን ይቀጥል አልኩት። ለእናንተ የተሻለውን የመረጥኩ መስሎኝ ነበር። ጥናቴም የሚያምረው እንዲያ ሲሆን ነበር። ከሁለቱ የትኛው እንዳመዘነ አሁን ብነግርሽ ለራሴ የሚስማማኝን ነው የምነግርሽ፤ ስለዚህ እተወዋለሁ።

በቁጣ የጻፍኩትን አልመልሰውም፤ ቁጣዬ ግን ወዳንቺ መሆኑ ልክ አልነበረም። ቪዲዮዎቹን መልሻቸዋለሁ። ለጌትነት ደውዬ ሐሙስ ከሌለ ቪዲዮም የለም፣ ይህንንም ለሚጠይቀኝ ሁሉ በስሜ እናገራለሁ ብዬዋለሁ። «አንተ እዚያ ተቀምጠህ» አለኝ። እኔም የማይባል መለስኩለት። ከልጅነት የነበረን ነገር ያለቀ ይመስለኛል።

በክረምት ፈቃድ አለኝ። መጥቼ ሁለት ሳምንት ላስተምራችሁ አስቤአለሁ። ለሲስተር ይመኙሽም አክብሮቴን ንገሪልኝ።

ልዑልቃል

*

ጎንደር፣ ግንቦት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ልዑልቃል፣

ትንሣኤውን ያሳየን አምላክ ይመስገን። አባባ ደህና ናቸው፤ ለቤቱ ሰው ሁሉ ሰላምታ ብለዋል።

ክፍሉ ከፋሲካ በኋላ ተከፈተ። ያስከፈተው የእርስዎ ስልክ ይሁን የእኛ መቀመጥ አላውቅም፤ ዶክተር ጌትነት አንዱም እንዳልደረሰባቸው ሆነው ነው ቁልፉን የላኩት። ፈተናው ተራዘመ። ሲስተር ይመኙሽ ተመልሰዋል፤ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ብቻ ነው የፈረሙላቸው። ከዚያ በኋላ ያለውን እንደገና መጣላት ሊኖርብን ነው።

የመጀመሪያው ሐሙስ ሲስተር መዝሙርን አስቀድመው ጠሩት። አሻንጉሊቷን አስደሙና «አፍህን ዝጋ» አሉት። ጡጫውን በሁለት እጃቸው ይዘው እስኪያልበው አስጫኑት። «ታሳምማታለህ። ይመማት። ታዝንላታለህ። ስትድን እዘንላት» ይሉታል። ሲጨርስ ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆየ። ቀጥሎ እኔን ጠሩኝ። እጄ ምን ያህል መጫን እንደነበረበት ያን ቀን አወቅሁ። ማወቄ እንዴት እንዳናደደኝ ልነግርዎ አልችልም።

መምጣትዎን በተመለከተ፣ ለሲስተር ነግሬያቸዋለሁ። «ይምጣ፤ ንግግር ግን አናዳምጥም። ጓንት አጥልቆ አንድ አልጋ ይያዝ» ብለዋል። የተማሪውም ሐሳብ ይኸው ነው።

ሌላም ነገር አለ። ባለፈው ሳምንት እኔና መዝሙር ውዱ ዘንድ ሄድን። ቤቱ ከአምባ ጊዮርጊስ በእግር የሚደረስ ነው። ሕፃኗን የወለላ እናት አዝለዋት ነበር፤ ክርስትና ተነሥታለች። ውዱ ለክረምቱ የሚያርሰውን ትቶ መጣና ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ አስቀመጠን። ሐኪሞች ለቅሶ ሊደርሱኝ መጡ ብሎ ነው ያሰበው።

«አያ ውዱ፣ የመጣነው እውነቱን ልንነግርህ ነው» አልኩት። «ያን ቀን ደሙን ማቆም የነበረብን እኔና ይህ ልጅ ነን። በእጃችን አልተማርነውም ነበር። በምስል ብቻ ነው ያየነው።»

«በምስል» አለ።

«አዎ።»

«የሚያስተምራችሁ ሰው አልነበረም?»

«ነበሩ። ኮሌጁ አሰናብቷቸው ነበር።»

የወለላ እናት ሕፃኗን እያባበሉ ወደ ቤት ገቡ። ከዚያ «ይህን እያወቀ ወደ ሚስቴ የላካችሁ ማን ነው?» አለኝ።

መዝሙር አንገቱን ደፋ። እኔ የዶክተር ጌትነትን ስም ላነሣ አፌን ስከፍት የእርስዎም አብሮ መጣ። ሁለቱንም ነገርኩት። «አንደኛው አጎቴ ነው» አልኩት።

«በሕይወት አለ?»

«አለ። ባሕር ማዶ ነው።»

«ይምጣ» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «አልጣላውም። ተቀምጦ ይንገረኝ።»

ስንወጣ እስከ መንገዱ ሸኘን። አልጨበጠንም።

እኔ ከእርስዎ መልስ ስጠብቅ ነው የከረምኩት። ከእንግዲህ ለእኔ አይጻፉልኝ። ለውዱ ግን በደብዳቤ አይሆንም፤ ማንበብ አይችልም፤ ቢችልም ደብዳቤ አይበቃውም።

ጸሎት

*

በርገን፣ ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጸሎት፣

አትጻፍልኝ ብለሽኛል፤ ይህን የመጨረሻ አድርጊልኝ። የወንድሜን ቤት ሰላም ይጠብቅልኝ።

ሐምሌ አምስት ቀን ጎንደር እገባለሁ። አያ ኪዳነ ማርያም አውሮፕላን ማረፊያ መጥተው እንዳይጠብቁኝ ንገሪያቸው፤ ቅር እንዳይላቸውም ምክንያቱን ንገሪያቸው። ቤት ከመግባቴ በፊት ወደ አምባ ጊዮርጊስ መሄድ እፈልጋለሁ። መንገዱ ዝግ ከሆነ እስኪከፈት እጠብቃለሁ፤ ውዱን ሳላገኝ ግን ስኪል ላብ አልገባም። አልጋ የምይዘው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲስተር ይመኙሽ ባዘዙኝ በኩል።

ለውዱ የምለውን ልጽፍ ሞክሬ ነበር። መላልሼ ጻፍኩት። የጻፍኩት ሁሉ ንግግር ሆነብኝ፤ መግቢያ አለው፤ ማብራሪያ አለው፤ መጨረሻው ላይ እኔ ደህና ሰው ሆኜ እወጣለሁ። ቀደድኩት። የጠየቀኝን ብቻ እመልስለታለሁ።

ቤቱን አሳዪኝና አንቺ ውጭ ጠብቂኝ።

ልዑልቃል